በእርሳስ የተጻፈ ትንፋሽ

ይህ ታሪክ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። "ጓደኛዬ የነገረችኝ" የሚባል ነገር የለበትም።

ጨለማ፣ ውሽንፍር፣ የመቃብር ቦታ የምትጠብቁ ካላችሁ አትጠብቁ። ሁሉም ነገር የሆነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው... በጠራራ ፀሐይ፣ ፒያሳ መሃል፣ ታች ወያላው "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" እያለ ሲጮህ እየሰማሁ።

አላምንም ያለ አይመን። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።

ኤደን እባላለሁ። ክላርኔት ነፊ ነኝ።

ያስተማሩኝ ጋሽ ገነነ ናቸው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ፎቁ ላይ ከእህታቸው ከእትዬ የሺ ጋር ይኖሩ ነበር። የሰፈሩ ሰው "ያ ብቻውን የሚነፋው ሽማግሌ" ይላቸዋል። ብቻቸውን የሚነፉት ግን ወደው አልነበረም። ክላርኔት አጃቢ ይፈልጋል፤ ፒያኖ የሚመታላቸው ሰው ደግሞ አላገኙም። ስለዚህ ያለ አጃቢ፣ ለአንድ ክላርኔት ብቻ የተጻፈ ዜማ መፈለግ ጀመሩ።

ፈረንሳዮች እንዲህ ያለ ዜማ ብዙ ጽፈዋል። በየአገሩ የሚነፉ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው አምስት ስድስት አሉ። ጋሽ ገነነ የሚፈልጉት እነሱን አልነበረም። ማንም የማይነፋቸውን ነበር።

ድሮ እዚህ ከተማ ታስተምር የነበረች አንዲት ፈረንሳዊት መምህርት፣ አገሯ ከገባች በኋላ ከአሮጌ ኖታ ሻጮች ዘንድ እየፈለገች በፖስታ ትልክላቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ጋሽ ገነነ ፖስታ ቤት ወርደው ይቀበሉና ፖስታውን ሳይከፍቱ የቸርችልን ዳገት ይወጣሉ። ቤት ገብተው፣ እጃቸውን ታጥበው ነው የሚከፍቱት።

ሠላሳ አንድ ዜማ ሰበሰቡ። አንዱ፣ ሰው ደረጃ እየወጣ መሃል ላይ የረሳው ነገር ትዝ ሲለው ይመስላል። አንዱ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ግን ያስለቅሳል። አንዱን ሲነፉት ደግሞ ምድር ቤት የሚሠራው ወርቅ ሠሪ መዶሻውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር።

ሁሉንም በአንድ አረንጓዴ ክላሰር ውስጥ አስቀመጧቸው።

ትንፋሽ ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። የት ቦታ መተንፈስ እንዳለብን ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። የፈረንጁን ምልክት ትተው የእኛን ነጠላ ሰረዝ ነበር የሚጽፉት።

"ትንፋሽ በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ሰው ባረጀ ቁጥር ይቀያየራል" ይሉ ነበር።

ምልክት ከሌለበት ቦታ የተነፈሰ ተማሪ፣ ከኋላው በእርሳስ ጫፍ ትከሻው ላይ ይነካል።

ጠቅ።

"ሰረቅሽ!"

በዚያች ጠቅታ የተነሳ እኔና አብሮኝ የተማረው ተስፋሁን ስንነፋ ያልተጻፈ ትንፋሽ መተንፈስ አንችልም ነበር። ትልቅ ሰው ከሆንን በኋላም አልለቀቀንም። ይህን ያዙልኝ።

ተስፋሁን ጎበዝ ነበር፤ አልክድም። ከአምስት ዓመት በፊት ያ አረንጓዴ ክላሰር ከጋሽ ገነነ ሳጥን ጠፋ። በዓመቱ ተስፋሁን የውጭ ትምህርት ዕድል አገኘ። ከዚያ አንድ ቀን በቴሌቪዥን ቀረበና፣ "እነዚህን የተረሱ የፈረንሳይ ዜማዎች ፈልጌ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ" አለ።

ሠላሳ አንዱንም። የጋሽ ገነነን ስም አንዴም ሳይጠራ።

ጋሽ ገነነና እትዬ የሺ ሶፋው ላይ ተቀምጠው አዩት። ጋሽ ገነነ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ተነስተው ክላርኔታቸውን ፈቱ፣ ጠራርገው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ሲነፉ የሰማቸው የለም። ደረታቸው እየደከመ፣ እየደከመ ሄደና ባለፈው ታኅሣሥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ።

ለለቅሶው ተስፋሁን ትልቅ የአበባ ጉንጉን ላከ። በስሙ!

እኔ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ አበባውን እያየሁ ማልኩ። አየር ያሳጣቸውን ሰው አየር አሳጣዋለሁ ብዬ።

ሰው ሲምል ሰሚ አለ። ያኔ ግን አላሰብኩትም።

ግንቦት ላይ እትዬ የሺ ደወሉልኝ።

"ነይ ኤደንዬ። ቤቱ ሊፈርስ ነው። የወንድሜን ዕቃ ለማን ልስጠው?"

ሄድኩ። ግቢው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የጋሽ ገነነን መሳቢያ ሳራግፍ፣ ከታች ከተነጠፈው ጋዜጣ ሥር አንድ ፖስታ አገኘሁ። የፈረንሳይ ቴምብር ያለበት።

ሠላሳ ሁለተኛ ዜማ!

ተስፋሁን ያላገኘው። ማንም ያልሰማው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ርዕስ የለውም። የደራሲ ስም የለውም። ያሉት ኖታዎቹና የጋሽ ገነነ የእርሳስ ምልክቶች ብቻ ናቸው። ሃያ ሰባት ትንፋሽ። ቆጠርኳቸው።

ከፖስታው ጎን ሪዳቸው ነበረች። ሪድ የምንላት ክላርኔቱ አፍ ላይ የምትታሰር ቀጭን ሸምበቆ ናት። ካልራሰች ድምፅ ስለማትሰጥ፣ ከመንፋታችን በፊት ምላሳችን ላይ እናረጥባታለን። ጋሽ ገነነ ይህቺን አፋቸው ውስጥ ካስገቧት ሦስት ዓመት አልፏል።

አነሳኋት።

እርጥብ ነበረች...

ሞቅ ያለች እርጥብ። አሁን ከአፍ የወጣች።

"እትዬ የሺ... ይህን መሳቢያ ማን ነካው?"

"ማን ይነካዋል ልጄ? ከቀብሩ ወዲህ ገና ዛሬ መከፈቱ ነው።"

ይሆናል፣ ክረምቱ እየቀረበ ነው፣ እንጨቱ ረጥቦ ነው አልኩ። ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር ምክንያት አያሳጣውም። የራሴን ክላርኔት አወጣሁ፣ በራሴ ሪድ ነፋሁ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ዜማው ከታች ይጀምራል። ሰው በተዘጋ በር በኩል ስም ሲጠራ ይመስላል። ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይጠራል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጠራል። በየምልክቱ እየተነፈስኩ እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

መሃል ላይ የወርቅ ሠሪው መዶሻ ቆመ። እንደ ድሮው እያዳመጠ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ስጨርስ ነው ትዝ ያለኝ... ወርቅ ሠሪው ከለቀቀ ወር አልፎታል።

በማግስቱ ስመለስ ምልክቶቹን ደግሜ ቆጠርኩ። ሃያ አራት።

ወረቀቱ ላይ የላጲስ ፍርፋሪ ነበር። ግራጫ፣ የተጠቀለለ፣ ትኩስ። ሦስት ቦታ ላይ ወረቀቱ ሳስቷል።

በሦስተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ።

"እትዬ የሺ፣ እዚህ ቤት ላጲስ አለ?"

ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ነበር። እጃቸው ቆመ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አንቺም ሰማሽው?"

"ምኑን?"

"ሲፍቅ።"

"ማን?"

"ዝም በይ... ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይጀምራል። ሲጨርስ ይተዋል።"

ሳህኑን መጠቅለል ቀጠሉ። እኔም ወረቀቱ ወዳለበት ጓዳ በር ዞሬ አዳመጥኩ። እውነትም ይሰማ ነበር... ፍቅ ፍቅ ፍቅ። በትዕግሥት። ቸኩሎ የማያውቅ ሰው እጅ ነው።

መሸሽ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። የተሰማኝ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ደስታም ነበር። ጋሽ ገነነ አልተኙም። ትንፋሹን እያጠፉ ዜማውን እያዘጋጁ ነው። ለማን? ለሌላ ለማን ይሆናል፣ ለተስፋሁን ነው እንጂ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልዘል ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ይሁን።

ክላሰሩን ከሳጥኑ አውጥቼ ለተስፋሁን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

"ለሁለት ቀን ብቻ፣ ፎቶ ኮፒ ላድርገው" አለኝ። እወደው ነበር። ጋሽ ገነነ ሥላሴ ሊሳለሙ ሄደው ነበር፤ ቁልፉን የት እንደሚያኖሩ አውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ባዶውን ሳጥን አሳዩኝ።

"ኤደን፣ ማን እንደወሰደው አይተሻል?"

"አላየሁም።"

እስኪሞቱ ድረስ አራት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ከቴሌቪዥኑ በኋላ ጥያቄው "ማን አውጥቶ እንደሰጠው አይተሻል?" ሆነ። አራት ጊዜም "አላየሁም" አልኳቸው። በመጨረሻው ጊዜ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ጥያቄውን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ መተንፈስ አስፈልጓቸዋል።

ለተስፋሁን ያለኝ ጥላቻ ለምን እንዲህ እንደሚያቃጥል አሁን ገባችሁ? የራሴንም ድርሻ እሱ ላይ ጭኜ ነው።

በዚያው ሳምንት ተስፋሁን ከውጭ መጣ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቸርችል አካባቢ ባለ አዳራሽ "ያልተሰሙ የፈረንሳይ ዜማዎች" ያቀርባል። ደወልኩለት። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተገናኘን።

"ኤዱ! ጠፋሽ እኮ አንቺ ልጅ!"

ማኪያቶውን ሳይቀምስ ወረቀቱን ከፊቱ ዘረጋሁለት። ዓይኑ ኖታው ላይ ሮጠ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።

"ይሄ የሳቸው ነው?"

"የሳቸው ነው።"

"ሌላ ማን አይቶታል?"

"እኔና አንተ።"

አጎነበሰ። "ትንፋሹ ግን ትንሽ ነው። ዘጠኝ ብቻ።"

"ከበደህ እንዴ?"

ሳቀ። ኩራቱን ስነካው ምን እንደሚያደርግ ከድሮ ጀምሮ አውቃለሁ።

"ከጻፉት ውጪ አልተነፍስም። የሳቸው ልጅ አይደለሁ?" ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። "አንቺ ደግሞ እንደ ድሮው... አንቺው ታመጪልኛለሽ።"

 ፈገግ አልኩለት።

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል። እኔ በጣም አርቄው ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ተስፋሁን ጥቁር ሱፍ ለብሶ ወጣ፤ ሁለት ዜማ ነፍቶ ተጨበጨበለት። ከዚያ ወረቀቱን የኖታው ማቆሚያ ላይ ዘረጋ።

"ይህን ማንም ሰምቶት አያውቅም" አለ። "በቅርቡ ፈልጌ ያገኘሁት ነው።"

ጀመረ።

በጣም ያምር ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእኔ የተሻለ ነፋው። የመጀመሪያውን መስመር ያለ ትንፋሽ ጨረሰ። ሁለተኛውን ጨረሰ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ወይ ጉድ፣ ይሄ ልጅ አይተነፍስም እንዴ?" ብላ አንሾካሾከች።

ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይኑ ወረቀቱን መፈለግ ጀመረ። ወደ ላይ... ወደ ታች...

ምልክት የለም።

ፊቱ ቀላ። አንገቱ ላይ ጅማት ተገተረ። ከንፈሩን ከክላርኔቱ ሊያላቅቅ ሲል ቀኝ ትከሻው ድንገት ዘለለ። ሰው ከኋላ የነካው ያህል።

ጠቅ።

ከኋላው ማንም አልነበረም።

ደግሞ ሊተነፍስ ሞከረ። ትከሻው ደግሞ ዘለለ። ጣቶቹ ግን አልቆሙም፤ ዜማው አልቆመም። ፊቱ ከቀይ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሄደ። ሰው አሁንም ብቃት መስሎት ያጨበጭብ ነበር! እሱ ግን እኔን አገኘኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

አልተነሳሁም። አልጮህኩም። ልቤ ምን አለ ብትሉኝ... "አይበቃህም" ነው ያለው።

ወደቀ። ክላርኔቱ ከአፉ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ዜማው ግን አንድ መስመር ቀጠለ።

ሁላችንም ሰማነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የጠየቅኳቸው ሁሉ "የድምፅ ማጉያው ነው" ይላሉ። ድምፅ ማጉያ አልነበረም።

ግርግሩ መሃል መድረክ ላይ ወጥቼ ወረቀቱን አነሳሁ። አንድም ምልክት የለበትም። ማቆሚያው ከንፈር ላይ የላጲስ ፍርፋሪ ተከምሯል።

ተስፋሁን አልሞተም። ሐኪሞቹ ሳንባው ጤነኛ ነው አሉ። ግን አንድ ጊዜ ይተነፍስና ይጠብቃል... ይጠብቃል... ከንፈሩ እስኪጠቁር ይጠብቃል። ከዚያ ነርሷ ኦክስጅኑን ስትጨምርለት ደግሞ አንድ ጊዜ።

በአራተኛው ቀን ልጠይቀው ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። እናቱ ውሃ ልታመጣ ወጣች፤ ብቻችንን ሆንን።

"ኤዱ..." አለ። ከዚያ ትንፋሹን ጠበቀ። "ወረቀቱ... አንቺ ጋ ነው?"

"እኔ ጋ ነው።"

"ጻፊልኝ..."

ገባኝ። ከመሳቢያቸው የወሰድኳት የጋሽ ገነነ እርሳስ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ ወረቀቱም አብሯት። አንድ ነጠላ ሰረዝ ነው የለመነኝ። አንድ ጭረት፣ ሁለት ነጥብ።

እርሳሷን አወጣሁ። ዓይኑ በእንባ ሞላ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ከዚያ ያ የአበባ ጉንጉን ትዝ አለኝ፤ አልጋ ላይ ሆነው በሁለት ትንፋሽ የጠየቁኝ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

እርሳሷን መልሼ ከተትኩ።

"የት ጋ እንደሚጻፍ አላየሁም" አልኩት።

ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

"ጠየቁኝ..."

ዞርኩ። "ማን?"

ደረቱ ቆሞ ነበር። ጠበቅኩ። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝን ሲነካ አንድ ጊዜ ሳበ።

"መድረክ ላይ... ከኋላዬ ሆነው... 'ክላሰሩን ማን ሰጠህ?' አሉኝ።"

"ምን አልካቸው?"

ደግሞ ጠበቅኩ። ከንፈሩ ሲጠቁር አየሁ። በመጨረሻ ያችኑ የተረፈችውን አየር አወጣት።

"ነገርኳቸው።"

ከዚያ በኋላ አልተነፈሰም።

በቀብሩ ማግስት ወረቀቱን አወጣሁ። ምልክቶቹ ተመልሰዋል። ሃያ ሰባት ነጠላ ሰረዝ፣ ትኩስ እርሳስ። ርዕስ ያልነበረው ዜማ ርዕስ አግኝቷል። በዚያ በማውቀው የእጅ ጽሑፍ፣ ከላይ፣ መሃል ላይ፦

ለኤደን

አልነፋሁትም። ክላርኔቴን ሸጥኩ። ወረቀቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ምንም ለውጥ አላመጣም። ባለፈው ሳምንት የቸርችልን ዳገት ስወጣ፣ መሃል ላይ ደክሞኝ ልተነፍስ ስል...

ጠቅ።

ቤት ገብቼ ነጩን ሸሚዜን አወለቅኩ። ትከሻው ላይ የእርሳስ ነጥብ አለ።

ዶሮ ማነቂያ ያለው ቤት ፈርሷል። እትዬ የሺ አዲስ የተሰጣቸው ቤት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ "መፋቁ ቀረ" አሉኝ። ወዴት እንደሄደ አልነገርኳቸውም።

ቁም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ምልክቶቹ ያንሳሉ፤ ስለዚህ በእስክሪብቶ አሥር ትንፋሽ ጻፍኩበት። እስክሪብቶው አልጠፋም፤ ግን በሱ ስተነፍስ ትከሻዬ ይነካል። የሳቸው እጅ አይደለማ።

ይህን ልጽፍላችሁ ስቀመጥ ከሳቸው ምልክቶች አራት ቀርተው ነበር። ለዚህ ነው የምጽፈው። በሕዝብ ፊት ካመንኩ ይተዉኛል ብዬ ነው። እነዚያን ሠላሳ አንድ ዜማዎች ፈልገው ያገኙት ጋሽ ገነነ ናቸው። ክላሰሩን አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አይቻለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ አይቼ "አላየሁም" ብያለሁ። ጋሽዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ይህን ጽፌ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ።

ሦስት...

ተመልሼ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ዓይኔን የጨፈንኩ ለአንድ ደቂቃ ነው። ስልኬ ላይ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ይላል፤ ውጭ ፀሐይ ነው፤ የጎረቤት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ቀና ብዬ ሸሚዜን አየሁት። ደረቴ ላይ፣ ልክ አየሩ የሚገባበት ቦታ፣ ግራጫ የላጲስ ፍርፋሪ አለ።